የጂምናስቲክስ ልጅ ላላችሁ ሐበሻ ወላጆች፦ ስለ ኤክሴል ፕሮግራም የኔ አስተያየት

ኤክሴል ልጆች አሜሪካ ውስጥ ጂምናስቲክስ ከሚወዳደሩባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ውጤቱን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወረድ ስትሉ ታገኙታላችሁ።

የምጽፈው እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ ወይም ሌላም ስቴት ሆናችሁ፣ ልጃችሁ ጂምናስቲክስ ውድድር ውስጥ ገብታ የሆነ ቦታ ላይ ለቆመችባችሁ ወላጆች ነው። ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ለመዝናናት የምትሄድለት ሰው ይህን ማንበብ አያስፈልገውም። ያንን ጊዜ አጣጥሙት፣ ርካሽም ነው። ደግሞ የማወራው ስለ ፕሮግራሙ ነው። የሄድንባቸውን ጂሞች ስም አልጠራም፤ አንዱን ስለማማው ሌላውንም ሳልጠራው ባልፍ ይሻላል።

መጀመሪያ መንገዶቹን እንለይ፤ እኔ ስገባ ማንም አልነገረኝምና። አሜሪካ ውስጥ ይህን ስፖርት የሚመራው ዩኤስኤ ጂምናስቲክስ ነው። ለሴት ልጆች ዋናው መንገድ ዴቨሎፕመንት ፕሮግራም ይባላል፤ ድሮ ጁኒየር ኦሎምፒክ ይሉት የነበረው ነው። ከሌቭል 1 እስከ ሌቭል 10 ይሄዳል። ከዚያ በላይ ኤሊት ነው፤ ኦሎምፒክ ላይ በቲቪ የምናያቸው። እስከ ሌቭል 5 ድረስ ልጆቹ ሁሉ የሚሠሩት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ቴክሳስ ያለችውም ሜሪላንድ ያለችውም ልጅ በአንድ ሙዚቃ ትጀምራለች፣ እጇን እኩል ታነሳለች፣ እኩል ትዘላለች። እናንተም ውድድር ላይ ቁጭ ብላችሁ ያንኑ የፍሎር (መሬት ላይ በሙዚቃ የሚሠራው ክፍል) ሙዚቃ ስትሰሙ ትውላላችሁ። እኔ አሁንም ሰሃን ሳጥብ ሳላስበው አፏጨዋለሁ።

ነጥቡ ከ10 ይጀምርና እየተቀነሰ ይወርዳል። ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር ከሆነው ቢም (ልጆቹ ከሚሠሩበት ጠባብ አግዳሚ) ላይ አንዴ መውደቅ 0.5 ያስቀንሳል። ጉልበት ከታጠፈ ይቀነሳል፣ የእግር ጣት ካልተዘረጋ ይቀነሳል፣ ስታርፍ አንድ እርምጃ ከሄደች ይቀነሳል። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ ሆዱ ይረበሻል፤ ምክንያቱም ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ስንት እንዳገኘች ቢሆንም ልጅቷ የምታነበው ስንት እንደጎደላት ነው።

ሌቭል 4 ላይ ደግሞ ኪፕ የሚባል ነገር አለ። ባሩን (አግዳሚውን ዘንግ) ይዘው ወደ ፊት ይወዛወዛሉ፣ ሰውነት እስከ መጨረሻ ሲዘረጋ እግራቸውን ወደ ባሩ ያመጣሉ፣ ከዚያ ባሩን በእግራቸው ላይ ወደ ወገባቸው እየሳቡ ከላይ ይወጣሉ። አሰልጣኞች ‹ሱሪሽን ልበሺ› የሚሏቸው ለዚህ ነው። ጉልበት ይፈልጋል፤ ከጉልበቱ ይልቅ ግን ሰዓቱን ማወቅ ነው የሚከብደው። ለአንዷ በትንሽ ጊዜ ይመጣል። ለሌላዋ ዓመት ይፈጃል። የሚያናድደው ደግሞ መሻሻሉ አለመታየቱ ነው። ትላንት አልቻለችም፣ ዛሬም አልቻለችም፣ የዛሬ ወርም አትችልም፣ ከዚያ አንድ ማክሰኞ ማታ ምንም ሳይመስል ትወጣለች። ወይ ደግሞ አትወጣም።

የኔዋ እዚያ ላይ ተቸከለች። አብረዋት የጀመሩት ወደ ሌቭል 4 ሲያልፉ እሷ ሌቭል 3ን ትድገም ተባለ።

ክፍል መድገም እኛ ባደግንበት ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ለልጁ ብቻ አይደለም፣ ለቤቱ ሁሉ የሚተርፍ ሐፍረት ነበር። ሪፖርት ካርዱ ላይ ያለው ደረጃ ከነጥቡ በፊት ይታይ ነበር። ለዚህ ነው እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ ‹የኔ ቆንጆ፣ ስንተኛ ወጣሽ?› የሚሆነው። በክፋት አይደለም፣ እኔንም ያሳደገችኝ እንዲሁ ነው። ግን ልጄ ስልኩን እየሸሸች እንደሆነ ሳይ እናቴን ለብቻዋ አነጋገርኳት፤ ‹ምን አዲስ ነገር ተማርሽ?› በያት አልኳት። አሁን እንደዚያ ትላለች። ስትጨርስ ወደኔ ትዞርና በሹክሹክታ ‹ስንተኛ ወጣች?› ትለኛለች። እሱን ችዬዋለሁ።

ወደ ጂሙ ልመለስ። ያኔ የነበርንበት ጂም ማን እንዳለፈ ማን እንዳላለፈ ያሳወቀው በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ልጆቹ ተንጋግተው ስማቸውን ፈለጉ። የኔዋም ፈለገች። አንድ ቀን ቀድሞ ለወላጅ መደወል ምን ያህል ከባድ ነው? አሰልጣኟ ደግሞ ልጅቷ ኪፑን በሳተች ቁጥር ምንም ሳትል ፊቷን አዙራ ሌላዋን ትጠራለች። አትጮህም፣ አትሳደብም፣ ስለዚህ ብትከሱም የምትከሱበት ነገር የለም። ግን የአሥር ዓመት ልጅ ዝምታን በደንብ ታነባለች። ይህን ሁሉ ያየሁት በስንት ልመና ገብቼ ነው፤ ወላጅ የሚያይበት መስታወት ላይ መጋረጃ ነበረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከነጥብም ከደረጃም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም የነበረው ላሪ ናሳር ሚሺጋን ውስጥ በ2018 ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶች ፍርድ ቤት ፊት የደረሰባቸውን ወሲባዊ ጥቃት ተናግረዋል። ብዙዎቹ ሲበደሉ ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ ጋ ወላጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተቀይሯል። በ2017 ሥራ የጀመረው ዩኤስ ሴንተር ፎር ሴፍስፖርት የሚባለው ተቋም ያወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው ከልጅ ጋር ለብቻው ሲሆን ሌላ ሰው ሊያየውና ሊያቋርጠው በሚችልበት ቦታ መሆን አለበት ይላል። የታገዱ ሰዎች ስም የሚፈለግበት፣ ለማንም ክፍት የሆነ መዝገብም ድረ ገጹ ላይ አለ። ጂም ከመመዝገባችሁ በፊት የአሰልጣኞቹን ስም እዚያ ፈልጉ። ጂሙን ደግሞ ‹ልምምድ ማየት እችላለሁ ወይ?› በሉት። ‹ልጆቹን ይረብሻል› ካሏችሁ አትከራከሩ፣ ኮቷን አልብሳችሁ ውጡ።

እኛም ወጣን። አዲሱ ጂም ጋ ስንሄድ የቡድኑ ኃላፊ ልጄን ለጥቂት ጊዜ አየቻትና ‹ኤክሴልን አስባችሁታል?› አለች። ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ኤክሴል የዚያው የዩኤስኤ ጂምናስቲክስ ሁለተኛ መንገድ ነው። በቁጥር ፈንታ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲኒየም፣ ዳይመንድ እያለ ይወጣል፤ ከላይ ሳፋየር የሚባል ተጨምሮበታል። ስሞቹ ሜዳልያ ስለሚመስሉ መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። ባለቤቴ ‹ልጃችን ጎልድ ናት› ብላ ለጓደኛዋ ስትነግር ጓደኛዋ አሸነፈች ብላ እልል አለች። እኛም አላረምናትም።

ዋናው ልዩነት አሰልጣኟ ለእያንዳንዷ ልጅ የራሷን ሥራ መገንባቷ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ማሟላት ያለባችሁ ነገር አለው፤ ግን የምታሟሉት ልጅቷ በምትችለው ነው። ጎልድ ላይ ኪፕ ግዴታ አይደለም። የኔዋ ፑልኦቨር ሠርታ (ወገቧን ወደ ባሩ ስባ ወደ ኋላ ተገልብጣ) ባሩ ላይ ትወጣለች፣ የቀረውን ትሠራለች፣ ወርዳ ለዳኛ ሰላምታ ሰጥታ ትሄዳለች። ኪፑን ደግሞ በልምምድ ቀን ትሞክራለች። ሲሳካም ሳይሳካም በር ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም። አሁን አልፎ አልፎ ይመጣላታል። ውድድር ላይ ገና አላስገባችውም፤ መቼ እንደምታስገባውም አልጠይቃትም።

አንዳንድ ወላጅ ይህን ‹ማቅለል› ይለዋል። አንድ ሐበሻ አባት መኪና ማቆሚያ ላይ ‹ታዲያ እኮ ከበድ ያለውን ሸሽታ ነው› አለኝ። ወንድሜ፣ የአሜሪካ ጂምናስቲክስ ኮከቧ ሲሞን ባይልስም እንደዚያው ነው ያደረገችው። አስታውሱ፣ በ2021 ቶኪዮ ላይ የቡድን ፍጻሜው ሲጀመር ቮልት (ሮጠው መጥተው መደገፊያ በእጅ ገፍተው የሚዘሉትን) ዘለለች፤ ሁለት ተኩል ዙር ልትጠመዘዝ አስባ አየር ላይ የት እንዳለች ጠፋባትና በአንድ ተኩል አረፈች። ከዚያ ውድድሩን አቋረጠች። ዓለም ሁሉ ያወራው ስለማቋረጧ ነው። ከሳምንት በኋላ ቢም ላይ ተመልሳ ስትወጣ ያደረገችውን ግን ብዙ ሰው አላስተዋለም። መጨረሻ ላይ ስትወርድ መጠምዘዝ ያለበትን አወራረዷን ትታ መጠምዘዝ በሌለበት ቀየረችው። ማድረግ በምትችለውና በማያሰጋት ሠራች። ነሐስ ወሰደች። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ በ27 ዓመቷ የአጠቃላይ ውድድሩን ወርቅ መልሳ አነሳች፤ እዚያው ፓሪስ ላይም ከቢም ወድቃ 5ኛ ወጥታለች። ይህን ለዚያ አባት ሙሉውን ነገርኩት። ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፣ ‹እሺ እሺ› ብሎኝ ሄደ።

የባይልስን ነገር ያነሳሁት ለክርክር ብቻ አይደለም። የኔዋም በትንሹ ደርሶባታል። ባክ ዎክኦቨር የሚሉት አለ፤ ቢም ላይ ቆመው ወደ ኋላ ተለምጠው፣ እጅ አሳርፈው፣ ተገልብጠው ይቆማሉ። ስትሠራው የነበረ ነው። አንድ ቀን እጇ አዳለጣትና ወደቀች። የተጎዳ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን እጇን ታነሳለች፣ ትተነፍሳለች፣ እጇን ታወርዳለች። እንደገና ታነሳለች። ሰውነቷ እምቢ አለ። ለወላጅ ይህ ከመውደቁ ይብሳል። ከተመልካች ቦታ ሆናችሁ ‹በቃ አድርጊው!› ልትሉ ይቃጣችኋል። አትበሉ። ፍርሃቱ ስንፍናም ግትርነትም አይደለም። በዚያ ላይ እየፈራች ብትሞክረው ግማሽ ላይ ታቆመዋለች፣ የሚጎዳውም ግማሽ ላይ ማቆም ነው።

አሰልጣኟ ምን አደረገች? ይህንን በደንብ ስላየሁት ልዘርዝረው። ወደ መሬት መለሰቻት፤ ፍሎር ላይ በቴፕ መስመር አስምራ እዚያ ላይ አሠራቻት። ከዚያ መሬት ወዳለው ቢም። ከዚያ ወደ ትልቁ፣ ግን ፍራሾቹን ቢሙ ድረስ ቆልላ፣ ከፍታው እስኪጠፋ። ከዚያ ፍራሹን አንድ በአንድ ማንሳት። እዚህ ላይ የወደድኩት ነገር፣ ፍራሹ መቼ እንደሚነሳ የምትወስነው ልጅቷ ነበረች። ‹ዛሬ ይቆይ› ካለች ይቆያል፣ ማንም አያጉረመርምም። አንድ ቀን ተነስቶ የነበረ ፍራሽ ይመለስ አለች፣ ተመለሰ። በዚያ መሃል ውድድር ነበረ። ዎክኦቨሩን አውጥተው በሌላ ተኩት። በሌቭል 4 ወይም 5 ቢሆን ኖሮ የታዘዘው የታዘዘ ነው፤ አንዱን ካልሠራችው ነጥቡ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ይዛ ነው የምትገባው። ለዚህ ለዚህ ነው አራቱን ኮከብ የሰጠሁት።

ሙዚቃው ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። ኤክሴል ላይ ፍሎሩ የራሷ ነው። ሙዚቃው ቃል ያለው ዘፈን መሆን አይችልም፣ ደንብ ነው። ልጄ የአበሻ ሙዚቃ ካልሆነ አለች። እንግዲህ ግጥም የሌለው ኢትዮ ጃዝ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ሳክስፎኑ አለ፣ ምቱ አለ፣ ቆም ብሎ የሚነሳበት ቦታ አለ። ለውድድሩ የሚሆን ያህል ቆርጠን ሰጠናቸው። ጭፈራውን የምታቀናብረው ሴትዮ እስክስታ አይታ አታውቅም፤ ባለቤቴ ፍሎሩ ላይ ወጥታ አሳየቻት፤ አሥራ ምናምን ልጆች ተሰብስበው ትከሻቸውን ሲሞክሩ ማየት ነበረባችሁ። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ትከሻዋን ስትመታ ከተመልካች መሃል እልልታ ተነሳ። ዳኛዋ ቀና ብላ አየችን። ነጥቡ ያን ቀን ደህና አልነበረም፣ ከዘለለች በኋላ ቁጭ ብላ ነው ያረፈችው። ወደ መኪና ስንሄድ ግን ስለ እልልታው ነበር የምታወራው።

መኪናውን ካነሳሁ አይቀር፣ ከውድድር መልስ እኛ ጋ አንድ ደንብ አለ። ስለ ነጥብ የምታነሳው እሷ ናት። ካላነሳች የኔ ጥያቄ ‹ምን እንብላ?› ብቻ ነው። ካነሳች እሰማለሁ፣ ‹አዎ ያበሳጫል› እላለሁ። ‹አይዞሽ፣ ምንም አይደል› ማለት ይቀናኝ ነበር፤ ግን ለእሷ ምንም አይደል አይደለም፣ ወር ሙሉ የሠራችበት ነው። ማልቀስ ካለ ይለቀሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ ብዙ ጊዜ ያልቃል።

ስለ ሰዓትና ስለ አካል ትንሽ። ኤክሴል በአብዛኛው ሰዓቱ ያንሳል፤ እኛ ጋ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነው። ለቤት ሥራም፣ ለእሁድ አማርኛ ትምህርትም ቦታ ይተርፋል። በፊተኛው ጂም እያነከሰች ትመጣ ነበር። ሐኪም ሴቨርስ ዲዚዝ አለን። ስሙ ያስደነግጣል፤ የሚያድጉና ብዙ የሚዘሉ ልጆች ተረከዝ ላይ፣ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ቦታ ሲቆጣ የሚመጣ ሕመም ነው። ዝላይ መቀነስ፣ በረዶ፣ የተረከዝ ድጋፍ፣ ባት ማሳሳብ ታዘዘልን። ዕድገቱ ሲያበቃ አብሮ የሚጠፋ ነገር ነው። ግን ‹ጠንካራ ሁኚ› ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አዲሱ ጂም የሐኪሙን ወረቀት አይቶ በእነዚያ ሳምንታት ባርና የሆድ ጥንካሬ ብቻ አሠራት። ተቀምጣ እንድታይ አላደረጓትም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተጎዳች ልጅ ከቡድኗ ስትነጠል ከሕመሙ የበለጠ የሚያስለቅሳት ያ ነው።

ጾሙን ላንሳው፤ ሌላ ማን ያነሳዋል። የኤክሴል የውድድር ወቅት በአብዛኛው ከጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ጸደይ ይዘልቃል፣ ስለዚህ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ውድድሩም ቅዳሜና እሁድ ነው። ቅዳሴ ያመልጠናል፣ እውነት ነው፤ ጠዋት የመወዳደሪያ ሰዓት ሲደርሳት ከሰዓት፣ ከሰዓት ሲደርሳት ጠዋት ለመድረስ እንሞክራለን። ስለ ልጅ ጾም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ እኔ የምለው የለኝም። ምግቡን ግን ተለማምደነዋል። የውድድር ዋዜማ ሽሮ በእንጀራ፣ ጠዋት የለውዝ ቅቤ በዳቦና ሙዝ። ምስር ወጥ በውድድር ጠዋት አትሞክሩ። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

አሁን የተቀነሰችው ኮከብ። ኤክሴል ለአሰልጣኝ ብዙ ነጻነት ስለሚሰጥ ጥራቱ ሙሉ በሙሉ በጂሙ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጥሩ ጂም ውስጥ እንደኛ ይሆናል። አንዳንዱ ጂም ግን ኤክሴልን የተረፉ ልጆች ማጠራቀሚያ ያደርገዋል፤ ጥሩ አሰልጣኞቹን ለሌቭሎቹ ይመድባል፣ ኤክሴሎቹ ባር ባዶ እስኪሆን ጥግ ላይ ይጠብቃሉ። ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ፕላቲኒየም መሄድ የምትችለውን ልጅ ሜዳልያ እንድትሰበስብ ጎልድ ላይ ያቆያታል። ያንን ውድድር ላይ ስታዩት ይታወቃል፤ አንድ ቡድን መድረኩን ሞልቶት ይወጣል። የኔዋ እንደነዚያ ዓይነት ቡድን አጠገብ ተወዳድራ ስትመለስ ‹እነሱ ለምን እዚህ ናቸው?› አለችኝ። ጥያቄው ልክ ነው።

ሌላም አለ። ስለ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ የምታስቡ ከሆነ፣ ትልልቆቹ የኮሌጅ ቡድኖች የሚመለምሉት በዋናነት ከሌቭል 10ና ከኤሊት ነው። ከኤክሴል ወደ ሌቭሎቹ የሚመለሱ ልጆች አሉ፤ ግን ቀላል አይደለም። እኛ ስኮላርሺፕ አስበን አልገባንም። ያሰባችሁ ካላችሁ ከልጃችሁ ጋር ሳይሆን መጀመሪያ ከራሳችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ አሥር ዓመት ለሞላት ልጅ ያ ሐሳብ ከባድ ነው።

ዋጋውም በነጻ አይደለም። ሰዓቱ ስላነሰ የወር ክፍያው ይቀንሳል፤ ከዚያ ውጭ የውድድር ምዝገባ አለ፣ የአሰልጣኝ ወጪ አለ፣ የዩኤስኤ ጂምናስቲክስ አባልነት አለ፣ ሆቴል አለ። የሚያብለጨልጨው የውድድር ልብስ፣ ሊዮታርዱ፣ ከ200 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፣ ልጅ ደግሞ ታድጋለች። ጂሙ ውስጥ ካሉት ትልልቅ ልጆች ወላጆች ያገለገለ ጠይቁ፤ ማንም አያፍርበትም። ገንዘብ ሲከፈል በምን ስም እንደተከፈለ ወረቀት ይሰጣችሁ። ከመመዝገባችሁም በፊት ኃላፊዋን ‹የኤክሴል ልጆችን ማን ነው የሚያሠለጥነው? ልጄ የምትሠራው ነገር ሲጠፋባት ምን ታደርጋላችሁ?› ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሰምታ ስለ ሜዳልያ ካወራችላችሁ ሌላ ጂም እዩ። ስለ ፍራሽ ካወራችላችሁ ተመዝገቡ።

እኛ ለሚቀጥለው ዓመትም ከፍለናል። ጎልድን ልትደግም ነው፣ ራሷ ናት የመረጠችው። ዎክኦቨሩ በአንድ ፍራሽ ላይ ነው ያለው። ለእናቴ ገና አልነገርናትም።